የጣውንቷ ድምፅ

ሰፈሩ «ተኳሿ» ይላታል። ጠመንጃ ነክታ አታውቅም፤ መሣሪያዋ ካውያ ነው። ዕድሜዋን በአንድ ትልቅ ሆስፒታል የልብስ እጥበት ክፍል አንሶላ፣ የትራስ ልብስና የሐኪም ጋዋን ስትተኩስ ኖራ ጡረታ ወጣች፤ ስሙ ግን ጡረታ አልወጣም። እሷም አትጠላውም። አዲስ ጎረቤት ስሟን ሰምቶ ደንገጥ ሲል «አይዞህ፣ የምተኩሰው የተጨማደደውን ብቻ ነው» ትለዋለች። ጎረቤቱም ፊቱን ዳሰስ አድርጎ ይስቃል።

የምትኖረው በአንድ አሮጌ ሕንፃ የመጨረሻ ፎቅ ላይ፣ አንድ መኝታና አንድ ሳሎን ባለው ቤት ነው። ሳሎኑ ጠባብ ነው፤ ያጠበበው ግን የእሷ ዕቃ አይደለም። ከመስኮቱ አጠገብ፣ ጥጉን ሞልታ፣ ከሰው ቁመት የምትበልጥ፣ አንገቷ የረዘመ፣ ዳሌዋ የሰፋ ቤዝ ቆማለች። ይህን መሣሪያ አይቶ የማያውቅ ሰው ቫዮሊንን ያስብ፤ ከዚያ ቫዮሊኑ አድጎ፣ ወፍሮ፣ ትከሻ ላይ መውጣቱ ቀርቶ መሬት ላይ ሲቆም በዓይነ ልቡናው ይሣል። አራት ወፋፍራም ክሮች አሏት። ተጫዋቹ ከኋላዋ ይቆማል፣ ያቅፋታል፣ ክሮቹን በጣቶቹ እየሳበ ያናግራታል። የተኳሿ ባል ከጎልማሳነቱ እስከ ሽበቱ ያቀፈው እሷን ነበር። ተኳሿ «ጣውንቴ» የምትላት በዚህ ምክንያት ነው።

ይህን የምትለው እየሳቀች ነው። ቀልዱ ግን ሥር ነበረው። ባሏ ከጓደኞቹ ጋር ጃዝ የሚጫወተው ማታ ማታ ነው፤ ሆቴል፣ ክበብ፣ ሠርግ፣ የተገኘበት ሁሉ። እሷ ደግሞ ሥራ የምትገባው ጎህ ሳይቀድ ነው፤ ሐኪሞች ጠዋት በሽተኛ ሲጎበኙ አልጋው ሁሉ በተተኮሰ አንሶላ ተነጥፎ መጠበቅ አለበት። እሱ ሲገባ እሷ ትወጣለች፤ እሷ ስትገባ እሱ ሊወጣ ይሰናዳል። አብዛኛውን ጊዜ የሚገናኙት ደረጃ ላይ ነው። እሱ ቤዟን በጀርባው አዝሎ፣ ግድግዳው እንዳይፍቃት በጎኑ እየሄደ ይወጣል፤ እሷ ጥግ ይዛ ትጠብቃለች። «አሳልፊን» ይላታል። «አሳልፊኝ» ብሎ አያውቅም።

ልጅ አልወለዱም። ራቷን ብቻዋን በልታ፣ ሳህኗን አጥባ፣ የነገውን የሥራ ልብሷን ወንበር ላይ ሰቅላ ትተኛለች። ባሏ ክፉ ሰው አልነበረም። አይጠጣም፣ አይሳደብም፣ ዓይኑ ወደ ሌላ ሴት አይሄድም። ክፉ ቢሆን ይሻል ነበር እስከማለት የደረሰችበት ጊዜ አለ፤ ክፉን ሰው ተቆጥቶ መገላገል ይቻላል። ይህ ሰው ግን ደስ ብሎት ወጥቶ ደስ ብሎት ይመለሳል። ያ ደስታ ከየት እንደሚቀዳ እሷ አላየችውም። ለምን ብቻዋን እንደምታመሽ በቃል ታውቀዋለች፣ «ባሌ ሙዚቀኛ ነው» ነው መልሱ፤ በጆሮዋ ግን አታውቀውም።

ሳትሞክር ቀርታ አይደለም። ገና በተጋቡበት ሰሞን አንድ ሆቴል ሄዳ ፊት ለፊት ተቀመጠች። ቀኑን ሙሉ በእንፋሎት ውስጥ ቆማ የዋለች ሴት ናት፤ መብራቱ ደብዘዝ፣ ወንበሩ ለስለስ ሲልላት ሦስተኛው ዘፈን ሳይጀመር ጠረጴዛው ላይ ተኛች። ጥሩምባ ነፊው ከመድረክ አይቷት «ዛሬ የምንጫወተው እሹሩሩ ነው» ብሎ በማይክሮፎን ተናገረ። አዳራሹ ሳቀ። ባሏም ሳቀ። በሳቁ ነቃች፤ ከዚያ ወዲያ እሱ ወደሚጫወትበት እግሯን አላነሳችም።

ሌላ ጊዜ ደግሞ ቡድኑ በሬዲዮ ቀጥታ ሲተላለፍ ቤቷ ሆና ጠበቀች። ጥሩምባውን ሰማች፣ ፒያኖውን ሰማች፣ ድራሙ ሲንሿሿ ሰማች፤ ባሏ ብቻ የለም። ጥፋቱ የጆሮዋ አልነበረም። ወፍራም ድምፅ ብዙ አየር መግፋት ይፈልጋል፤ የትንሽ ሬዲዮ ድምፅ ማውጫ ደግሞ ስፋቱ ከሻይ ብርጭቆ ማስቀመጫ አይበልጥም። ቀጭኑን ያሳልፋል፣ ወፍራሙን ያስቀራል። ይህን ያስረዳት ስላልነበረ፣ በማግስቱ ደረጃው ላይ ስታገኘው ጠየቀችው።

«አንተ የታለህ? ሁሉም ነበሩ፤ አንተ የለህም።»

«ከሥር ነኝ።»

«ከሥር ምን ትሠራለህ?»

«አንቺ አንሶላ ታነጥፊያለሽ አይደል? እኔ ፍራሹ ነኝ። ፍራሽ ማን ያያል? የሌለ ቀን ግን ሁሉም ጀርባውን ያመዋል።»

«ጡረታ ስወጣ እመጣለሁ። እንቅልፌን ጠግቤ።»

«ነይ። የትም አንሄድም።»

ጡረታ ወጣች። እንቅልፏን መጥገብ ጀምራ ሳትጨርስ፣ ባሏ በአጭር ሕመም ሞተ።

ቤዟ ጥጓ ላይ ቀረች። ተኳሿ አቧራዋን በደረቅ ጨርቅ ትጠርግላታለች፣ ፀሐይ እንዳይመታት መጋረጃውን ትስባለች። አንድ ቀን ደግሞ እጇን ክሮቹ ላይ ስታሳርፍ ውጥረታቸው አሳዘናት። እዚህ ላይ የሥራዋን ጠባይ ማወቅ ያስፈልጋል። በሆስፒታሉ የልብስ እጥበት ክፍል፣ አንሶላ በትልልቅ ትኩስ ሲሊንደሮች መካከል የሚያልፍበት ማሽን አለ። አንሶላውን የሚጎትቱት ረጃጅም የጨርቅ ቀበቶዎች ናቸው። ፈረቃ ሲያልቅ የመጨረሻው ሥራ ቀበቶዎቹን አንድ ባንድ ማላላት ነው፤ ተወጥረው ካደሩ ይረዝማሉ፣ ጠዋት አንሶላውን አጣመው ያወጡታል። «ሥራ የሌለው ነገር ተወጥሮ አያድርም» ይላሉ እዚያ፤ ተኳሿም ለስንቱ አዲስ ሠራተኛ አስተምራዋለች። ስለዚህ ከቤዟ አናት ላይ ያሉትን ቁልፎች እያዞረች አራቱንም ክሮች እስኪረግቡ አላላቻቸው። «አንቺም እረፊ» አለቻት። ከዚያ በኋላ ልትጠርጋት ጠጋ ስታደርጋት ከውስጧ የሆነ ነገር «ኳ» አለ። አሮጌ ዕቃ ነው፣ ይንኳኳል ብላ ተወችው።

ድራም መቺው በሯን ያንኳኳው ከዚህ በኋላ፣ በአንድ ዝናባማ ሳምንት ነው። ከባሏ ጋር አብሮ ያረጀ፣ ቀጭን፣ ተቀምጦም ጣቶቹ የማያርፉ ሰው ነው።

«ተኳሿ፣ እጅ ወደ ላይ!» አላት በሩ ሲከፈት።

«አንተ ሽማግሌ፣ ይቺን ቀልድ እስከ መቼ ነው የምትጎትታት?»

«ሌላ እስካገኝ። ሻይ አለ?»

ሻዩን ይዞ ጉዳዩን ነገራት። ከተማው የጃዝ ዘፈን ውድድር አዘጋጅቷል፤ ዘፋኞቹ ወጣቶች ናቸው፣ ከኋላ ሆኖ የሚያጅባቸው ግን የእነሱ የአሮጌዎቹ ቡድን ነው። ዳኞቹ ነጥብ ሊደምሩ ሲወጡ ደግሞ አንጋፋዎቹ ብቻቸውን ይጫወታሉ። በባሏ ቦታ የምትጫወት ቤዝ ተጫዋች ከሌላ ከተማ ተጋብዛለች።

«ይዛ አትመጣም እንዴ የራሷን?»

«በምን? አውቶብስ ላይ ሁለት ወንበር ልትከፍል ነው? ቤዝ ተጫዋች በሄደበት አገር ይዋሳል። ስለዚህ...» ወደ ጥጉ በአገጩ አመለከተ። «ጣውንትሽን አውሺን።»

«ጣውንት ያዋሰች ሴት ሰምተህ ታውቃለህ?»

«የመጀመሪያዋ ሁኚ።»

ተኳሿ ብርጭቆዋን አዞረች፣ መልሳ አዞረች። «አንድ ነገር አለኝ» አለች በመጨረሻ። «ከፊት ታስቀምጡኛላችሁ። እኔ ያን ሰውዬ ሰምቼው አላውቅም። እሱ የለም፤ እሷ ግን አለች። የሱ ሥራ ምን እንደነበረ በሷ ልስማውና ይውጣልኝ። ለምን እንደዛ ብቻዬን እንዳመሸሁ ልወቅ።»

ድራም መቺው ጣቶቹ ለአንድ አፍታ ቆሙ። «ከፊት» አላት፤ «ከእግሬ ሥር።»

በውድድሩ ቀን ጠዋት ከቤዟ ጋር በአንድ የዕቃ መኪና ሄደች። አዳራሹ ሰፊ ነው፤ ወለሉ ገና በውሃ ተወልውሎ ያልደረቀ፣ ወንበሮቹ ተደራርበው ከግድግዳ የተጠጉ። መድረኩ ላይ ፒያኖ ተጫዋቹ ጎንበስ ብሎ ይሞክራል። ቃል ቆጥቦ የሚኖር ሰው ስለሆነ ጓደኞቹ «ዝምታ» ይሉታል። ጥሩምባ ነፊው፣ ያ የእሹሩሩው ባለቤት፣ አሁን ሆዱ ወደ ፊት ፀጉሩ ወደ ኋላ የሄደ ሽማግሌ ሆኗል። ተኳሿን ሲያያት «እንኳን ነቃሽ!» አላት። አንድም ቀን አልረሳውም ማለት ነው።

ቤዝ ተጫዋቿ በሠላሳዎቹ ዕድሜ ያለች፣ እጅጌዋን የሰበሰበች ሴት ናት። ቤዟን በሁለት እጇ ተቀበለች፣ የመሸፈኛ ልብሷን ገፈፈች፤ ከዚያም ፊቷ ተቀየረ። ነቅነቅ አደረገቻት። «ኳ» አለ። መሬት ላይ በጎኗ አስተኛቻት፣ የስልኳን መብራት ከፊት ባለው ጠማማ ቀዳዳ አስገብታ በአንድ ዓይኗ አየች።

«ምሰሶዋ ወድቃለች» አለች።

ነገሩ እንዲህ ነው። በቤዟ ሆድ ውስጥ፣ በፊቷና በጀርባዋ ሰሌዳ መካከል፣ የጣት ውፍረት ያላት አንዲት እንጨት ቆማ ትኖራለች። በሙጫ አልተያዘችም፣ በምስማር አልተመታችም። ክሮቹ ሲወጠሩ ፊቷን ወደ ውስጥ ይጫናሉ፤ ያ ጭነት ነው እንጨቲቱን ጨብጦ የሚያቆማት። የክሩን መንቀጥቀጥ ከፊት ወደ ጀርባ አሻግራ መላ አካሏን የምታናግረው እሷ ናት። ያለ እሷ ክሩን ቢወጥሩት ደግሞ ፊቷ ሊሰነጠቅ ይችላል። የወደቀችውን መልሶ ማቆም በቀዳዳው በኩል በልዩ መሣሪያ የሚሠራ፣ የጥቂት ሰዎች ሙያ ነው፤ በዚያ ከተማ የሚሠራውም የለም።

«ክሮቹን ሁሉ ባንዴ ያላላው ማነው?» ብላ ጠየቀች ቤዝ ተጫዋቿ። ሰው እያየች አይደለም፤ ቀዳዳውን እያየች ነው።



«እኔ ነኝ» አለች ተኳሿ። «እንድታርፍ ብዬ።»

ሴትየዋ ቀና አለች። ማን እንደሆነች ያኔ ገባት፤ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «እትዬ፣ አይዞዎት፣ ብዙ ሰው የሚሳሳተው ነው። ክር ሲቀየር እንኳ አንድ ባንድ ነው የሚነካው። ቤዝ እንደ ሰው አይደለችም፤ የምታርፈው ተወጥራ ነው።»

«በሉ በሉ!» አለ ጥሩምባ ነፊው። «ጣውንቷን ተበቀለቻት በሉኛ! ስንት ዓመት ስታደባ ኖራ!»

ሁሉም ሳቁ፤ ተኳሿም ሳቀች። ሳቁ ሲያልቅ ፊቷ ቶሎ አልተመለሰላትም። ሌላ ቤዝ ተፈለገ፤ የሙዚቃ ትምህርት ቤቱ ዝግ ነው። የቤዝ ጊታር ያለው አንድ ሰው ተደወለለት፤ ስልኩን አላነሳም። ከቀትር በኋላ ሰው መግባት ሲጀምር፣ ቡድኑ ያለ ቤዝ ሊጫወት ወሰነ። ተኳሿ ቦርሳዋን አንስታ ወደ በሩ ስትሄድ ድራም መቺው ደረሰባት።

«ወዴት?»

«ልሂድ። የመጣሁለት የለም።»

«ከፊት አስቀምጡኝ ያልሽው አንቺ አይደለሽ? ወንበሩ ተይዞልሻል። ቁጭ በይ።»

ተቀመጠች። ሥራ የፈታችው ቤዝ ተጫዋች አጠገቧ መጥታ ተቀመጠች።

ውድድሩ ተጀመረ፤ ደንቡም እንዲህ ነበር። ዘፋኙ ወደ ፒያኖው ጠጋ ብሎ ዘፈኑን በምን ከፍታ እንደሚዘፍነው ይናገራል፤ ከዚያ ፍጥነቱን በጣቱ እያንኳኳ ለባንዱ ይሰጣል። ያችን ማንኳኳት ማየት ብቻ ስለ ዘፋኙ ብዙ ይናገራል። የፈራ ሰው ካሰበው አፍጥኖ ይሰጣል፤ በኋላ ቃላቱ በአፉ ውስጥ ይጋጩበታል። የመጀመሪያው ተወዳዳሪ ደልደል ያለ የታክሲ ሹፌር ነበር፤ እንደ መኪናው ገና ሳይሞቅ በአራተኛ ማርሽ ተነሳ። ድራም መቺው ግን አሮጌ ነው። ሹፌሩ የሰጠውን ፍጥነት ተቀብሎ፣ በሁለት መስመር ውስጥ ማንም ሳያውቅ ሹፌሩ ወደ ፈለገው ፍጥነት አወረደው።

«አዩ?» አለች ቤዝ ተጫዋቿ በጆሮዋ፣ በደስታ ጉልበቷን እየመታች። «የቆጠረውን አልተከተሉትም፤ ያሰበውን ነው የተከተሉት!»

ተኳሿ አጨበጨበች። ከኋላዋ ያሉት በሌላ ምት ላይ ያጨበጭባሉ፤ እጇን ሰበሰበች።

«አራት ይቁጠሩ» አለቻት ሴትየዋ። «አንድና ሦስት ላይ እግርዎ፤ ሁለትና አራት ላይ እጅዎ። ጃዝ የሚጨበጨበው ክፍተቱ ላይ ነው።»

ሞከረችው፤ እግሯ ቶሎ ለመደ፣ እጇ ትንሽ አስቸገረ፣ ከዚያ ሁለቱም መጡላት። ጥሩምባ ነፊው በዘፈኑ መካከል ብቻውን ተጫውቶ ሲጨርስ ሰዉ ዘፈኑ ሳያልቅ ያጨበጭባል፤ ይህም ደንብ ነው ተባለች፤ ተጫዋቹ ተራውን ሲጨርስ ይመሰገናል፤ ዘፈኑ ግን ይቀጥላል።

ከዚያ አንዲት የመድኃኒት ቤት ሠራተኛ ወጣች። ዝግ ያለ ዘፈን መረጠች፤ ዝናብ እስኪያባራ ብቻውን ስለሚጠብቅ እግረኛ የሚያወራ ዘፈን ነው። ድምፅዋ ያምር ነበር። በሁለተኛው ቤት ላይ ግን ዓይኗ ዋለለ፤ አንድ ቃል ቀድማ ገባች፣ ቆመች፣ ጠፋች።

«ወለሉን ፈልጋ ነው» አለች ቤዝ ተጫዋቿ። «ዝግ ባለ ዘፈን ውስጥ ዘፋኝ የምትቆመው ቤዝ ላይ ነው። የት እንዳለች፣ ቀጥሎ የት እንደምትረግጥ የሚነግራት እሱ ነው። ሰዉ አይሰማውም፤ እሷ ትሰማዋለች። አሁን እግሯን ስታሳርፍ ደረጃው የለም።»

ዝምታ ይህን አይቶ ቀኝ እጁን ከፒያኖው አነሳ። በግራው ብቻ፣ ከታች፣ አንድ አንድ ድምፅ ያስቀምጥላት ጀመር። ልጅቷ አገኘችው፤ ቀና ብላ ጨረሰች። አዳራሹ ተነስቶ አጨበጨበላት። ተኳሿ ግን አላጨበጨበችም፤ የዝምታን ግራ እጅ እያየች ነው። ብቻዋን ሲያስመሻት የኖረው የባሏ ሥራ ይህ ነበር ማለት ነው፤ ሰው እንዳይወድቅ ከሥር መቆም። ለመላው ከተማ ዘፋኝ ከሥር የሚቆም ሰው ነበራት፤ እሷ ደግሞ ያን ጊዜ ቤቷ ሳህን ታጥባለች። ኮራች፤ ኩራቱ ግን አፏ ውስጥ መረራት።

ዳኞቹ ነጥብ ሊደምሩ ወጡ። አንጋፋዎቹ ሦስቱ ብቻ መድረኩ ላይ ቀሩ። ድራም መቺው ማይክሮፎኑን ጎተት አድርጎ «ይቺን ዘወትር ከጓደኛችን ጋር ነበር የምንጫወታት» አለ፤ ከዚያ በላይ አልተናገረም።

አንጋፋ ሰው ሲጫወት ማየት ለብቻው ትምህርት ነው። ወጣቱ ያለውን ሁሉ ያወጣል፤ እነዚህ ግን የሚተዉትን ያውቃሉ። ጥሩምባ ነፊው ትንፋሹ እንደ ድሮው አይበረክትም፤ ስለዚህ አጭር ሐረግ ይናገርና ያቆማል፣ ዝምታ ያችን ሐረግ ተቀብሎ ሌላ ነገር ያስመስላታል፣ ድራም መቺው ደግሞ መጥረጊያ በሚመስለው ዱላው የድራሙን ቆዳ እያሸ ይስቃል። እያንዳንዳቸው በተራ ብቻቸውን ይጫወታሉ። ጥሩምባው ተጫወተ፤ ሰዉ አጨበጨበ። ፒያኖው ተጫወተ፤ ሰዉ አጨበጨበ።

ከዚያ ሦስቱም አቆሙ።

ጥሩምባው ወደ ጉልበት ወረደ። የዝምታ እጆች ጭኑ ላይ ተቀመጡ። የድራም መቺው አንድ እግር ብቻ፣ ሊሰማ ላይሰማ፣ ወለሉን ይቆጥራል።

«የባለቤትዎ ተራ ነው» አለች ቤዝ ተጫዋቿ በሹክሹክታ። «ቦታቸውን ክፍት ይተዉታል። ሲጋብዙኝ ነገሩኝ፤ እኔም ብሆን እዚህ ላይ እንዳልጫወት።»

«ቤዟ ደህና ብትሆንም?»

«ደህና ብትሆንም።»

ተኳሿ ወንበሩን ጨበጠች፤ ወደ ፊት ዘመመች፤ ዕድሜዋን ያልሰማችውን አሁን ልትሰማ ጆሮዋን አቀናች። እግሯ ይቆጥራል፤ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። አዳራሹ ግን ዘፈኑ ያለቀ መሰለው። ከኋላ አንዱ አጨበጨበ፤ ሌላው ተከተለ፤ ከዚያ ሁሉም። ፉጨት፣ እልልታ። ባዶው ቦታ በጭብጨባ ሞላ። «ኧረ ዝም በሉ!» ልትል አፏን ከፈተች፤ ድምፅዋ ከራሷ ጆሮም አልደረሰም። ጭብጨባው በረድ ሲል ሦስቱ ሽማግሌዎች በአንድነት ተመልሰው ገቡ፤ ሰዉ ደንግጦ ሳቀ፣ ዘፈኑም አለቀ።

የመድኃኒት ቤት ሠራተኛዋ አሸነፈች። አበባ ተሰጣት፣ አለቀሰች፣ ፎቶ ተነሳች። ሰዉ ሲወጣ ተኳሿ በጎን በኩል ወደ መድረኩ ወጣች። ሦስቱ መሣሪያቸውን ይሰበስባሉ።

«ምን ነበር የሚጫወተው?» አለቻቸው።

«የቱ ጋ?» አለ ጥሩምባ ነፊው።

«እዚያ ዝም ያላችሁበት ጋ። እስቲ በአፋችሁ አሰሙኝ። አንድ ጊዜ ብቻ።»

ተያዩ። ጥሩምባ ነፊው ጉሮሮውን ጠርጎ በወፍራም ድምፅ ጀመረ፤ «ዱም፣ ዱም፣ ዱ...»

«አይደለም!» አለ ድራም መቺው። «ከላይ ነው የሚጀምረው፤ እየወረደ ነው የሚመጣው። ዲም፣ ዲም፣ ዱም...»

«አንተ ምን ታውቃለህ? አንተ ከኋላው ነበርክ!»

«ከኋላው ስለነበርኩ ነዋ! አንተማ የራስህን ጥሩምባ ነው ስትሰማ የኖርከው።»

«እሺ ዝምታን ጠይቀው! ዝምታ፣ እንዴት ነበር?»

ዝምታ የፒያኖውን ክዳን ቀስ ብሎ ዘጋ። ተኳሿ ያን ዕለት ከእሱ የሰማችው የመጀመሪያ ቃል ይህ ነበር። «እትዬ፣ ሁለቱም አልተሳሳቱም። አንድ ቀን እንዲህ ነበር፤ በማግስቱ እንዲያ። ደግሞት አያውቅም። እኛም አልያዝነውም፤ ቢያዝ ጃዝ አይሆንም ነበር።»

«ታዲያ የቱን ነው ያመለጠኝ?»

ድራም መቺው ዱላዎቹን በጨርቅ ጠቀለለ፣ ፈታ፣ እንደገና ጠቀለለ። ተኳሿ ግን መልሱን ራሷ አገኘችው። ጡረታ ስወጣ እሰማዋለሁ ያለችው አንድ ነገር፣ እንደ ተተኮሰ አንሶላ ታጥፎ መደርደሪያ ላይ የሚጠብቃት መስሏት ነበር። አልተቀመጠም። በየማታው አንዴ ተሠርቶ በየማታው አልቋል፤ እሷ በተኛችበት ሁሉ።

ቤዝ ተጫዋቿ ቤዟን ልብሷን አልብሳ መጣች። «እኔ ከተማ የሚጠግን ሰው አለ። ከሹፌሩ ጋር ተነጋግሬያለሁ፤ በዕቃ መኪና እወስዳታለሁ። ሲያልቅ መልሼ አመጣልዎታለሁ።»

«አትመልሻት።»

«እትዬ?»

«እኔ ጋ ምን ትሠራለች? ሌላ አገር ስትሄጂ ቤዝ ከሰው ትዋሺያለሽ አይደል? እሷም እዚህ ስትመጪ የምትዋሺያት ትሁን። እነዚህ ሽማግሌዎች ጋ ትቀመጥ፤ ይወጥሯት።»

«አንቺስ?» አላት ድራም መቺው። «ቅዳሜ ቅዳሜ ከሰዓት እንለማመዳለን። ነይ። እሱን አትሰሚውም፤ አልዋሽሽም።»

«አውቃለሁ።»

«ግን ትመጫለሽ?»

«እንቅልፍ ካልያዘኝ» አለችና ጥሩምባ ነፊውን አየችው። ሽማግሌው ባርኔጣውን አወለቀ።

ወደ አውቶብስ ፌርማታው ብቻዋን ወረደች። ዝናቡ ቆሞ አስፋልቱ ያበራል። ከአዳራሹ የወጡ ሰዎች ፌርማታው ሥር ተጠጋግተው የአሸናፊዋን ዘፈን ያንጎራጉራሉ፤ ሁለት ወጣት ሴቶች ክንድ ለክንድ ተያይዘው ዜማውን ከፍ አድርገው ይይዙታል። ተኳሿ ቆማ ሰማቻቸው። ሁሉም ዜማውን ነው የሚዘፍነው። ቤዝ እያንጎራጎረ ወደ ቤቱ የሚሄድ ሰው የለም።

እግሯ መቁጠር ጀመረ። አፏን ሳትከፍት፣ ከደረቷ ሥር፣ ከሴቶቹ ዜማ በታች፣ አንድ ወፍራም ድምፅ አስቀመጠች። ትንሽ ቆይታ ሌላ። የማን እንደሆነ አታውቀውም፤ የሱ እንዳልሆነ ብቻ ታውቃለች። ሦስተኛውን ስታስቀምጥ አጠገቧ ዣንጥላ የያዘች ሴት ክንዷን ነካቻት።

«እማማ፣ አመመዎት እንዴ? ያቃስታሉ።»

«አይ» አለች ተኳሿ። «ደህና ነኝ።»

ሴትየዋ ፈገግ ብላ ፊቷን ወደ መንገዱ መለሰች። አውቶብሱ እስኪመጣ ተኳሿ ዝም ብላ በእግሯ ቆጠረች።